የሮም ቄሳሮችን ሳንቲም መሰብሰብ፦ ከቆስጠንጢኖስ ቤተሰብ ነሐስ ጀምሮ

የጥንት የሮም ሳንቲም ለመሰብሰብ የሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት ስህተት በአንዱ ይጀምራል። ወይ በመጀመሪያው ወር የጢባርዮስን ወይም የኔሮንን የብር ዲናር ካልገዛሁ ይላል፣ ወይ ደግሞ ሃምሳ ያልጸዳ ሳንቲም በአንድ ከረጢት ገዝቶ ማጽጃ ፍለጋ ይሄዳል። የመጀመሪያው ሰው ፎርጅድ ይገዛል፤ ሁለተኛው እውነተኛውን በእጁ ያበላሻል።

የተሻለው መነሻ የ4ኛው ክፍለ ዘመን ትንንሽ ነሐሶች ናቸው፤ ማለትም ቆስጠንጢኖስ፣ እናቱ እሌኒና ልጆቹ ያስመቱት ገንዘብ። በብዛት ስለተመቱ ደህናው አንዱ ከ15 እስከ 40 የአሜሪካ ዶላር ይገኛል። ጽሑፋቸው ይነበባል፣ የተመቱበት ከተማ ምልክት አላቸው፣ ርካሽ ስለሆኑም ፎርጅድ ሠሪው ብዙ አይደክምባቸውም። ለእኛ ደግሞ ስሞቹ ባዕድ አይደሉም። ከልጆቹ አንዱ ቆስጠንጢዮስ 2ኛ፣ በ350ዎቹ ስለ ፍሬምናጦስ ለኢዛናና ለሳይዛና ወደ አክሱም ደብዳቤ የላከው ንጉሥ ነው፤ የእሱ ነሐስ ከሁሉም በቀላሉ የሚገኘው ነው። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የገንዘቡ ዓይነቶች

ከአውግስጦስ ጀምሮ ያለው ሥርዓት እንዲህ ነው፦ አንድ የወርቅ አውሬየስ (7.8 ግራም ገደማ) 25 የብር ዴናሪየስ ነው። አንድ ዴናሪየስ (መጀመሪያ 3.8 ግራም ገደማ፣ ከኔሮን የ64 ዓመት ለውጥ በኋላ 3.4 ገደማ) 4 ሴስተርሺየስ ይመነዘራል። ሴስተርሺየስ ትልቅ የናስ ሳንቲም ነው፤ 25 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ስፋቱም ከ32 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ነው። እሱ 2 ዱፖንዲየስ፣ ዱፖንዲየስ ደግሞ 2 አስ ይሆናል። ዱፖንዲየስና አስ በመጠን ስለሚመሳሰሉ ጀማሪን ያምታታሉ፤ ዱፖንዲየስ ናስ ነው፣ ከኔሮን ወዲህም አብዛኛውን ጊዜ የንጉሡ ራስ ላይ የፀሐይ ጨረር የመሰለ አክሊል አለበት፤ አስ መዳብ ሲሆን አክሊሉ የቅጠል ነው። የመጽሐፍ ቅዱሳችን «ዲናር» ከዚሁ ከዴናሪየስ የመጣ ቃል ነው።

በ215 ካራካላ አንቶኒኒያነስ የሚባለውን ባለ ጨረር አክሊል የብር ሳንቲም አወጣ። ክብደቱ 5 ግራም ገደማ ነበር። በ260ዎቹ ብሩ ከ5 በመቶ በታች ወርዶ፣ ስሙ ብር ሆኖ አካሉ መዳብ ሆነ። በ294 ዲዮቅልጥያኖስ ሰብሳቢዎች «ፎሊስ» የሚሉትን፣ 10 ግራም ገደማ የሚመዝን ትልቅ ነሐስ አመጣ፤ እሱም ከዓመት ዓመት እያነሰ በ330ዎቹ 17 ሚሊ ሜትርና 2.5 ግራም ላይ ደረሰ። የዚህ ዘመን ነሐስ ስያሜው በትክክል ስለማይታወቅ በስፋት ይመደባል፦ ከ25 ሚሊ ሜትር በላይ አንደኛ፣ ከ21 እስከ 25 ሁለተኛ፣ ከ17 እስከ 21 ሦስተኛ፣ ከ17 በታች አራተኛ። ሻጮች ከቁጥሩ በፊት «ኤ-ኢ» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ይጽፋሉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

አራት ነገር ይበቃል። እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ የኪስ ሚዛን፣ የወርቅ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ዓይነት፤ የወጥ ቤት ሚዛን በአንድ ግራም ስለሚዘል አይረባም። የፕላስቲክ ካሊፐር (ስፋት መለኪያ)፤ የብረቱ ሳንቲሙን ይጭራል። አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ፤ ከዚያ በላይ የሚያጎላው ሁሉንም ነገር አጠራጣሪ ያስመስላል። አራተኛው ከጎን የሚመጣ ብርሃን ነው። የስልክ መብራት ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ ሳንቲሙን ቀስ እያሉ ማዞር፣ በቀጥታ ብርሃን የማይታየውን ፊደል በጥላው ያወጣዋል።

ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ፎጣ ይነጠፍ። የሁለት ሺህ ዓመት ብር ውስጡ ሊሰባበር የሚችል ስለሆነ፣ ሴራሚክ ላይ ወድቆ እንደ ብስኩት ሁለት ቦታ የተከፈለ ዴናሪየስ ብርቅ አይደለም። ሳንቲሙ በታጠበና በደረቀ እጅ፣ በጠርዙ ይያዛል።

አንዱን በቅርብ ማንበብ

17 ሚሊ ሜትር፣ 2.4 ግራም የሆነ፣ ጥቁር አረንጓዴ የለበሰ ሳንቲም እጅዎ ላይ አለ እንበል። በዘውድና ጎፈር ጨዋታ «ዘውድ» ከምንለው ገጽ ይጀምሩ። ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ ከትከሻው በስተግራ ከታች ተነስቶ እንደ ሰዓት ቆጣሪ ይዞራል፤ የፊደላቱ እግር ወደ መሐል ነው። ቃላቱ ያለ ክፍተት ስለሚጻፉና «ዩ» በ«ቪ» ቅርጽ ስለምትጻፍ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። የሚታየውን ብቻ ወረቀት ላይ ይገልብጡ፤ ያልታየው ፊደል ቦታ ላይ ነጥብ ያድርጉ። ግምት እዚህ ቦታ የለውም፤ ብዙ የተሳሳተ ስያሜ የሚመጣው ያልታየ ፊደል በልብ ከመሙላት ነው።

ያገኙት «ኮንስታንቲኑስ ዩን ኖብ ኬ» ነው። «ዩን» ታናሹ ማለት ነው። «ኖብ ኬ» እጅግ የተከበረው ቄሳር ለማለት ያጠረ ነው፤ በዚህ ዘመን «ቄሳር» የአልጋ ወራሽ ማዕረግ ሲሆን፣ ዋናው ንጉሥ «አውግ» (አውግስጦስ) ይባላል። ስለዚህ ሳንቲሙ የታላቁ ሳይሆን የልጁ የቆስጠንጢኖስ 2ኛ ነው፤ ያውም ገና ቄሳር ሳለ፣ ከ337 በፊት። የአባቱ ቢሆን «ኮንስታንቲኑስ ማክስ አውግ» ይል ነበር።

ሦስቱ ወንድማማቾች፣ የታላቁ ቆስጠንጢኖስ ልጆች፣ ጀማሪን የሚያሰቃዩት የስማቸው መነሻ አንድ ስለሆነ ነው። መፍትሔው ከ«ኮንስታን» በኋላ ያለውን ጭራ ማየት ነው። አንድ «ኤስ» ብቻ ከሆነ ኮንስታንስ ነው፤ አራት ፊደል (ቲ-አይ-ቪ-ኤስ) ከሆነ ቆስጠንጢዮስ ነው፤ አምስት ፊደል (ቲ-አይ-ኤን-ቪ-ኤስ) ከሆነ ቆስጠንጢኖስ። ፊደሉ ጠፍቶ ቦታው ብቻ ቢቀር እንኳ የአንድና የአምስት ፊደል ቦታ አይመሳሰልም።

አሁን ወደ ጎፈሩ ገጽ ይገልብጡ። የሚያዞሩት ከላይ ወደ ታች ነው፤ የሮም ሳንቲም ሁለቱ ገጾች ብዙ ጊዜ ወይ በአንድ አቅጣጫ ወይ ተገልብጠው ነው የሚቆሙት፣ በጎን የዞረ ከሆነ በካርድዎ ይመዝገብ። ሁለት ወታደሮች ጦርና ጋሻ ይዘው ቆመዋል፣ በመሐላቸው ሁለት የጦር ዓርማ ተተክሏል፣ ዙሪያው «ግሎሪያ ኤክሰርኪቱስ» ይላል፤ የሠራዊቱ ክብር። እዚህ ላይ ዓርማዎቹን ይቁጠሩ። ሁለት ከሆኑ ሳንቲሙ ከ330 እስከ 335 ነው፤ አንድ ከሆነ ከ335 በኋላ ነው፣ ክብደቱም ወደ 1.5 ግራም ገደማ ወርዷል። ሚዛኑና ዓርማው ካልተስማሙ አንዱን በደንብ አላዩትም።

የመጨረሻው ከወታደሮቹ እግር በታች፣ ከመስመሩ ሥር ያለው ነው፦ ኤስ-ኤም-ኤ-ኤን፣ ቀጥሎ የግሪክ «ቤታ»። «ኤስ-ኤም» የንጉሠ ነገሥቱ ገንዘብ መምቻ ማለት ነው፣ «ኤ-ኤን» አንጾኪያ ናት፣ ቤታ ደግሞ ሁለተኛው የሥራ ክፍል። ሙሉ መለያው እንግዲህ ይህ ነው፦ ቆስጠንጢኖስ 2ኛ በቄሳርነቱ፣ አንጾኪያ፣ ሁለተኛ ክፍል፣ ከ330 እስከ 335። ይህን ይዞ የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር በነፃ በከፈተው «ኦክሬ» በተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ውስጥ ንጉሡን፣ ከተማውንና የጀርባውን ጽሑፍ መርጦ መፈለግ ይቻላል። የሚወጣው «አር-አይ-ሲ» የሚል ቁጥር በዓለም ያሉ ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚግባቡበት ነው።

የሌሎቹ ከተሞች ምልክት በጥቂት ሳምንት ይለመዳል። ኤስ-ኤም-ኤን ኒቆምዲያ፣ ኤስ-ኤም-ኬ ኪዚኮስ፣ ኤስ-ኤም-ኤች ሄራክሊያ፣ ኤስ-ኤም-ቲ-ኤስ ተሰሎንቄ፣ ኤስ-ኤም-ኤ-ኤል እስክንድርያ ናቸው። ቲ-አር ትሪየር፣ ኤስ-አይ-ኤስ የዛሬዋ የክሮኤሺያ ሲሳክ፣ ኤ-ኪው አኪሌያ፣ ኤል-ጂ ሊዮን። ኤንንና ኤችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የኒቆምዲያው ኤን ሲያልቅ ኤች ይመስላልና። ትልቁ ወጥመድ ግን «ኮንስ» ነው። ይህ ዓይነት ሳንቲም በተመታበት ዘመን በፈረንሳይ ያለችው አርል ኮንስታንቲና ተብላ ስለነበር፣ ከቁስጥንጥንያ ጋር በፊደል ትጋጫለች። ከፊት «ፒ» ወይም «ኤስ» ኖሮ «ኮንስት» ካለ አርል ናት፤ ከፊት ምንም ሳይኖር «ኮንስ» ብሎ ከኋላው የግሪክ ፊደል ካስከተለ ቁስጥንጥንያ ናት። ሻጮችም ይሳሳቱበታል፣ አንዳንዴ ለገዢው ጥቅም።

መጀመሪያ የሚገዙት

እንደ ወታደሮቹ ሁሉ በቀላሉ የሚገኙ አራት ዓይነቶች አሉ። «ኡርብስ ሮማ» የሚለው በጎፈሩ ገጽ ተኩላዋ መንትዮቹን ስታጠባ ያሳያል። የቆስጠንጢዮስ 2ኛ «ፌል ቴምፕ ሬፓራቲዮ» ከፈረስ የወደቀ ጠላት የሚወጋ ወታደር አለበት። የእሌኒ ሳንቲም «ኤፍ-ኤል ሄሌና አውጉስታ» ይላል፣ ጀርባው ላይ ቅርንጫፍ የያዘች ሴት ቆማለች፣ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እሷ ከሞተች በኋላ በ337 እና በ340 መካከል የተመታ 15 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ሌላ አለ፤ «ፓክስ ፑብሊካ» የሚል ነው፣ ሁለቱን አንድ አድርገው የሚሸጡ አሉ። አራተኛው ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ከሞተ በኋላ የተመታው ነው፤ ራሱን ተከናንቦ በፊት ገጹ ይታያል፣ በጀርባው በአራት ፈረስ ሠረገላ ሲወጣ ከላይ እጅ ይዘረጋለታል። ትንሽ ሳንቲም ስለሆነች እጇ ብዙ ጊዜ ከጠርዙ ውጭ ትቀራለች። እጇ የማትታይበትን በዚያው ዋጋ መግዛት አያስፈልግም፤ የሳንቲሙ ነገር ሁሉ እሷ ናት።

በአጠቃላይ ለመማር ሲሉ የሚገዙ ከሆነ፣ ፊቱ አምሮ የከተማው ምልክት ከተቆረጠበት ይልቅ ፊቱ ትንሽ ያለቀ ሆኖ ምልክቱ ሙሉ የሆነው ይበልጣል።

ከማን፣ እንዴት ይገዛል

ሻጩ ሳይጠየቅ ክብደትና ስፋት የማይጽፍ ከሆነ ይለፉት። የሁለቱ ገጾችና የጠርዙ ፎቶ፣ የእውነተኛነት ዋስትና ጊዜ ሳይገደብለት፣ የመመለሻ ቀናት፣ ሳንቲሙ ቀድሞ የማን ስብስብ እንደነበረ ወይም በየትኛው ጨረታ እንደተሸጠ፤ እነዚህን በጽሑፍ ይጠይቁ። «አያቴ የተወልኝ» የሚለው ታሪክ ወረቀት ከሌለው ታሪክ ብቻ ነው።

በጨረታ ሲገዙ የመዶሻው ዋጋ የመጨረሻው አይደለም። የገዢ ኮሚሽን ብዙ ቦታ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። 40 ዶላር ያሸነፈ ሰው በ20 በመቶ 48፣ 15 ዶላር መላኪያ ሲጨመር 63 ይከፍላል፤ ግብርና ጉምሩክ ገና ነው። ስለዚህ ከአንድ ሻጭ አምስትና ስድስት አንድ ላይ መግዛት ይመረጣል።

ያልጸዳ የጅምላ ሳንቲም የሚባለውን ይተዉት። ሳይመረጥ የመጣ እንደሆነ ይወራለታል እንጂ፣ ደህና ደህናው ተለቅሞ ነው ከረጢት የሚገባው፤ አንዳንዱም ከየትኛው አገር መሬት፣ በማን ፈቃድ እንደወጣ አይታወቅም።

ፎርጅድን መለየት

ርካሹ ፎርጅድ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። በማጉያ ሲያዩት የፊደሉ ጫፍ የተላሰ ሳሙና ይመስላል፤ ባዶው ሜዳ ላይ ጥቃቅን የአየር ጉድጓዶች አሉ፤ ጠርዙ ዙሪያ ሁለቱ የቅርጹ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር፣ ወይም ያንን ለማጥፋት የተደረገ የሞረድ ምልክት አለ። እውነተኛው በመዶሻ የተመታ ስለሆነ ብረቱ ከመሐል ወደ ዳር ሸሽቷል፤ በፊደሎቹና በጠርዙ መሐል ጥቃቅን የጨረር መስመሮች ይታያሉ፣ ጠርዙም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስንጥቅ ጉድለት ቢሆንም ለጀማሪ ያጽናናል።

ከባዱ ዘመናዊ ማኅተም (ምስሉን ሳንቲሙ ላይ የሚያትመው ብረት) ተቀርጾ የሚመታው ነው። እሱን የሚያጋልጠው መንትያው ነው። ሁለት እውነተኛ ሳንቲሞች በአንድ ማኅተም ሊመቱ ይችላሉ፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ የተጫረ፣ በአንድ ቦታ የተቆረጠ፣ በአንድ ቦታ ያለቀ ሁለት ሳንቲም አይኖርም። ውድ ሳንቲም ከመግዛትዎ በፊት ያለፉ የጨረታ ፎቶዎችን ፈልጎ የራሱን ጭረት በሌላ ሳንቲም ላይ ማየትና አለማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ብር ሲሆን ሌላ ነገር ይጨመራል። በጥንት ዘመን ራሱ በመዳብ ላይ ብር ለብጠው ዴናሪየስ ነው ብለው የሚያሳልፉ ነበሩ። ሰብሳቢ ይህንንም ይገዛል፤ ግን በፎርጅድነቱ ዋጋ። ብሩ ከተላጠ ከሥሩ አረንጓዴ ወይም ቀይ ይወጣል። ካልተላጠ የውኃ ፈተና አለ፦ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሚዛኑን ወደ ዜሮ መመለስ፤ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስሮ ብርጭቆውን ሳይነካ ውኃው ውስጥ ማንጠልጠል፤ የሚነበበውን ቁጥር መጻፍ። የደረቁ ክብደት በዚህ ቁጥር ይካፈላል። 3.30 ግራም የሆነ ዴናሪየስ 0.32 ካነበበ 10.3 ይወጣል፤ ንጹሕ ብር 10.5 ስለሆነ መልካም ነው። 0.36 ካነበበ 9.2 ነው፤ ሆዱ መዳብ ነው። ሁለት ጥንቃቄ አለ። የ0.01 ግራም ስህተት ውጤቱን በ3 በመቶ ያዛባል፣ ስለዚህ አምስት ጊዜ መዝኖ አማካዩን መውሰድ። የሴፕቲሚየስ ሴቬረስና የልጆቹ ዴናሪየስ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ብቻ ብር ስለሆነ 9.6 ገደማ ቢያነብ እውነተኛ ነው፤ ፈተናው የሚጠቅመው ለቀደሙት ነው።

ትልልቅ ሴስተርሺየስ ላይ ሌላ ዓይነት ማታለል አለ። ሳንቲሙ እውነተኛ ሆኖ፣ ያለቀው ጸጉርና ልብስ በመርፌ እንደገና ተቀርጿል። ፊቱ አልቆ ጸጉሩ ዛሬ የተበጠረ ከመሰለ፣ ወይም ሜዳው ተልጎ ፊደሎቹ ብቻቸውን ከፍ ብለው ከቆሙ፣ ለቆንጆነቱ እንዳይከፍሉ።

ማጽዳት፣ ካስፈለገ

የተገዛው ሳንቲም ጸድቶ የመጣ ከሆነ የሚሠራ ነገር የለም። በላዩ ያለው ጥቁር፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሽፋን ቆሻሻ ሳይሆን የብረቱ ቆዳ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፊደሉ የቀረው እዚያ ሽፋን ላይ ብቻ ነው። በቤታችን ናስና ብር የሚወለወልበት ሎሚና አመድ፣ ኮምጣጤም ሆነ ለስላሳ መጠጥ ይህን ቆዳ ገፎ የሚያብለጨልጭ፣ የተበሳሳ፣ ዋጋ የሌለው ሮዝ መዳብ ያስቀራል። የተገፈፈው አይመለስም። ከ330 በፊት በነበሩት ላይ የቀረ ስስ የብር ቅብ ካለ ደግሞ ጠንካራ ብሩሽ በአንድ ደቂቃ ይጨርሰዋል።

አፈር ካለበት፦

1. የተጣራ ውኃ ውስጥ ይንከር። ጋራዥ የሚሸጠው የባትሪ ውኃ ይሆናል፤ አሲዱን እንዳይገዙ ብቻ። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ስላለው አይሆንም።
2. ውኃው በየሦስት ቀኑ ይቀየር፤ ከሦስት ሳምንት እስከ ሁለት ወር ሊወስድ ይችላል።
3. በየቅያሬው በለስላሳ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ መጥረግ፤ የቀረውን በእንጨት ስቴክኒ፣ ከፊደል ወደ ሜዳ ሳይሆን ከሜዳ ወደ ፊደል። ብረት መርፌ ልምድ እስኪመጣ አይነካም።
4. ፊደሉ ከተነበበ ማቆም። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው «ትንሽ ይቀረዋል» ከተባለ በኋላ ነው።
5. በጨርቅ ሳይታሽ ማድረቅ፤ ጥላ ውስጥ ለሁለት ቀን።

የወይራ ዘይት ውስጥ ወራት የሚዘፈዝፉ አሉ። ዘይቱ ቀስ እያለ አሲድ ስለሚሆንና ሽፋኑን ስለሚያጠቁር አይመከርም።

ከቆሻሻ የከፋው «የነሐስ በሽታ» ነው። ሳንቲሙ በመሬት ውስጥ ሳለ የገባበት ክሎራይድ እርጥበት ሲያገኝ መዳቡን ከውስጥ ይበላዋል። ምልክቱ ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ በስቴክኒ ሲነካ ይረግፋል፣ ሥሩ ጉድጓድ ይተዋል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይመለሳል። ጤነኛው አረንጓዴ ግን ጠንካራና ለስላሳ ነው፣ አይረግፍም። የታመመውን ከሌሎቹ ይለዩ፤ ዱቄቱን ያርግፉ። 25 ግራም ቤኪንግ ሶዳና 25 ግራም ሶዳ አሽ በአንድ ሊትር የተጣራ ውኃ በጥብጠው ይንከሩት፤ በየሳምንቱ እየቀየሩ ቢያንስ ለአንድ ወር ያቆዩ። ከዚያ ሶዳው እስኪወጣ በየቀኑ በሚለወጥ የተጣራ ውኃ ለአንድ ሳምንት። በመጨረሻ 100 ዲግሪ ገደማ በሆነ ምድጃ ለአንድ ሰዓት ይደርቅ። ሕክምናው የሽፋኑን ቀለም ትንሽ ሊቀይር ይችላል፤ ካልታከመ ግን ሳንቲም አይኖርም። ለሁለት ወር ተለይቶ ዱቄቱ ካልተመለሰ ወደ ቦታው ይገባል።

ማስቀመጥና መመዝገብ

ለስላሳ፣ የሚታጠፍና የአዲስ ላስቲክ ሽታ ያለው ፕላስቲክ ፒቪሲ ነው። በዓመታት ውስጥ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ፈሳሽ ያወጣል። ጠንከር ያለውና ሲነካ የሚንኮሻኮሸው ማይላር ይመረጣል። የኦክ እንጨት መሳቢያ አሲዳማ ትነት ስላለው አይሆንም። የአየሩ እርጥበት ከ40 በመቶ በታች መሆን አለበት፤ የአዲስ አበባ ክረምት ከዚያ በጣም ይበልጣልና፣ ክዳኑ በሚገጥም ሣጥን ውስጥ ሲሊካ ጄል ማስገባትና በየወሩ በምድጃ ማድረቅ ግድ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር ሰው ሣጥኑን ከኤሲው አፍ ያርቀው፤ ኤሲው ሲጠፋ የሚመለሰው እርጥበት ነው የሚጎዳው።

ለእያንዳንዱ ሳንቲም አንድ ካርድ ይኑር፦ ንጉሥ፣ ከተማ፣ ዓመት፣ የመዝገብ ቁጥር፣ ክብደት፣ ስፋት፣ የሁለቱ ገጾች አቅጣጫ፣ ከማን መቼ በስንት ተገዛ። ደረሰኙና የቀድሞ ባለቤት የጻፈው አሮጌ ካርድ አይጣልም። ሳንቲሙን ነገ ለመሸጥም ሆነ ድንበር ለማሻገር የሚያስችለው ያ ወረቀት ነው።

ሕግ

በእስራኤል በ1978ቱ የቅርስ ሕግ መሠረት ከ1700 በፊት የተሠራ ሳንቲም ቅርስ ነው። የሚገዛው ፈቃድ ካለው ነጋዴ ብቻ ሲሆን ከአገር ለማውጣት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከቱርክ ጥንታዊ ሳንቲም በኪስ ይዞ መውጣት ያሳስራል። አሜሪካ ከቆጵሮስ፣ ከጣሊያን፣ ከቡልጋሪያና ከሌሎችም አገሮች በሚመጡ የተወሰኑ ዓይነቶች ላይ የማስገቢያ ገደብ ስላላት፣ ሳንቲሙ ገደቡ ከመጣሉ በፊት ከዚያ አገር እንደወጣ የሚያሳይ ሰነድ ይጠየቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት እንዲነገር ያዛል፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ይከለክላል። ከአክሱም እርሻ ወጣ ተብሎ በእጅ የሚቀርብ ሳንቲም፣ የሮምም ይሁን የኢዛና፣ አይገዛም። ከውጭ በደረሰኝ ገዝቶ የሚያስገባም ደረሰኙን ከሣጥኑ አይለየው፤ መልሶ ሲያወጣ ከየት እንዳመጣው የሚመሰክርለት ሌላ የለውም።

ከሃያ ነሐስ በኋላ

ሃያ ሳንቲም ያለ ሻጭ እርዳታ ለይተው ከጨረሱ ብር መግዛት ይችላሉ። የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ወይም የአንቶኒነስ ፒየስ ዴናሪየስ ከ60 እስከ 150 ዶላር ባለው ይገኛል። እዚህ ዓመት የሚነገረው በከተማ ምልክት ሳይሆን በማዕረግ ቁጥር ነው። «ቲ-አር ፒ» የሚለው የትሪቡን (የሕዝብ ጠበቃ) ሥልጣን በየዓመቱ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 10 ይታደሳል፤ የማርቆስ አውሬሊየስ ሳንቲም ላይ ከእሱ ቀጥሎ 16 ካለ፣ የተመታው ከዲሴምበር 161 እስከ ዲሴምበር 162 ነው። «ኮስ» (ቆንስል) ግን እንደዚያ አይታመንም። ሃድሪያን በ119 ሦስተኛ ቆንስል ከሆነ በኋላ እስከ ሞተበት 138 ድረስ አልጨመረም፤ ስለዚህ «ኮስ 3» የ19 ዓመት ስፋት አለው።

የጢባርዮስ «የግብር ዲናር» የሚባለው፣ በጀርባው የተቀመጠች ሴት ያለበት፣ ከክርስቲያን ገዢ ብዛት የተነሳ ከጓደኞቹ ብዙ እጥፍ ይወደዳል፤ ፎርጅዱም እንዲሁ ብዙ ነው። ታዋቂ ጨረታ ላይ የቆየ ፎቶ ከሌለው አይነካ።

ወርቅ ላይ ሲደርሱ፣ አውሬየስም ይሁን ቆስጠንጢኖስ ያወጣው 4.5 ግራም ሶሊደስ፣ መጀመሪያ የሚታየው ጠርዙ ነው። ከንጉሡ ራስ በላይ ባለው ጠርዝ የተለሰነ፣ የተፋቀ ወይም ቀለሙ ትንሽ የተለየ ቦታ ካለ ሳንቲሙ በአንድ ወቅት ማንጠልጠያ ተበይዶለት አንገት ላይ ውሏል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ልማዱ የቆየ ነው። በኤርትራ መጠራ በነሐስ ዕቃ ውስጥ የተገኙት 14 የሮም የወርቅ ሳንቲሞች እያንዳንዳቸው ቀለበት ተበይዶላቸው ነበር።